በክራክ የሚሠራ ሒሳብ እስከ መቼ?

በቾ ቦሬ ውስጥ ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ ፈልጉ ብትባሉ ሳታገኙ ይመሽባችኋል። ኮምፒውተር ሲገዛ ዊንዶውሱ፣ ኦፊሱ፣ ፒችትሪው ሁሉ በፍላሽ ተጭኖ ይሰጣል። ሻጩም ገዢውም «ክራክ ነው» ለማለት አያፍሩም። ከኢኮኖሚክስ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ በየማስታወቂያው «ፒችትሪ የሚችል» ይል ነበር። የፒችትሪ ባለቤት እኮ በ2012 እ.ኤ.አ. ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ቀይሮታል! እኛ ጋ ግን ያው አሮጌው ክራክ ነው።

እስካሁን ጠያቂ ያልመጣው ለምንድነው? አንዱ ምክንያት ሕጉ ውስጥ አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ጥበቃው ግን በዋናነት ለኢትዮጵያዊ ወይም ዋና መኖሪያው እዚህ ለሆነ ሰው ሥራ፣ መጀመሪያ እዚህ ለታተመ፣ ወይም ውጭ ታትሞ በ30 ቀን ውስጥ እዚህም ለወጣ ሥራ ነው። አሜሪካ የተሠራው ፕሮግራም በአብዛኛው ከዚህ አጥር ውጭ ይቀራል።

ጉዱ ግን አዲስ አበባ የተሠራው የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራም አጥሩ ውስጥ መሆኑ ነው። መብቱን አውቆ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። እሱንም በዚያው ፍላሽ እንገለብጠዋለን። ስለ ቢል ጌትስ ኪሳራ እንቅልፍ አላጣም፤ የሚያንገበግበኝ የእኛው ልጅ ሠርቶ ሳይበላ መቅረቱ ነው።

ደግሞም አጥሩ እንዲህ አይቀጥልም። ኢትዮጵያ ለዓለም ንግድ ድርጅት ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው። የድርጅቱ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት ፕሮግራምን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ ቆጥሮ የአባል አገሮችን ሁሉ ሥራ ይጠብቃል። ለድሃ አገሮች እስከ 2034 እ.ኤ.አ. የእፎይታ ጊዜ ተሰጥቷል፤ ለአዲስ ገቢ ግን ድርድሩ ነው የሚወስነው።

ቁጥጥሩ ሲመጣ ማንን ይይዛል? ሩሲያ ውስጥ በ2007 እ.ኤ.አ. አሌክሳንደር ፖኖሶቭ የተባለ የገጠር ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ላይ ፈቃድ የሌለው ዊንዶውስ ተገኘ ተብሎ 5,000 ሩብል ተቀጣ። ኮምፒውተሮቹ የመጡት ተጭኖባቸው ነው ብሎ ተከራከረ። ጎርባቾቭ ሳይቀሩ ለጌትስ ተማጽኖ ጻፉለት። በ2008 ነጻ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ለነጻ ሶፍትዌር የሚሟገት ሰው ሆነ። የአጋሮ ቡና ነጋዴም «ሲሸጥልኝ ነበረበት» ነው የሚለው። ፈቃድ ልግዛ ቢል እንኳ ክፍያው በዶላር ነው፤ ብሩ ደግሞ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የት እንደደረሰ እናውቃለን።

«ኦፕን ሶርስ የፈረንጅ ተማሪ ጨዋታ ነው» የሚል ሰው ካለ ፋይዳውን ያውጣና ይመልከት። የብሔራዊ መታወቂያችን ሥርዓት የተገነባው ሞሲፕ በሚባል፣ ሕንድ ውስጥ በተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። መንግሥት የሕዝቡን ማንነት ያሳደረበትን ነገር የበቾ ቦሬ ጽሕፈት ቤት ለደብዳቤ ለምን ይፈራዋል? ለጽሕፈት ሊብሬኦፊስ፣ ለሒሳብ ግኑካሽ አለ፤ ድርጅቱ ሰፋ ካለ ኢአርፒኔክስት። ሁሉም ያለ ፈቃድ ክፍያ ይወርዳሉ።

ችግር የለም አልልም። ከወርድ የመጣ ሰነድ ሊብሬኦፊስ ላይ አንዳንዴ ሰንጠረዡ ይዛባል። ግኑካሽ ለፒችትሪ ሰው መጀመሪያ ላይ ያደናግራል። ትልቁ እንቅፋት ግን ሶፍትዌሩ አይመስለኝም። ቀጣሪው ፒችትሪ ስለሚጠይቅ ማሠልጠኛው እሱን ያስተምራል፣ ሠልጣኙ የተማረውን ስለሚያውቅ ቀጣሪው መልሶ ያንኑ ይጠይቃል። ይህን ክብ መስበር የሚችሉት ማሠልጠኛ ቤቶቹና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። የኮምፒውተር ተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራቸውን ሐምሌ 1 ለሚጀምረው በጀት ዓመታችን፣ ለቫትና ለዊዝሆልዲንግ የሚስማማ ሒሳብ መያዣ ቢያደርጉት ክፍት ኮድ ስለሆነ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልጋቸውም። የፒችትሪን ኮድ ግን ቢፈልጉም አያገኙትም።