ከፋብሪካ ምርምር ወደ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ

በፋብሪካ የምርምር ክፍል ብዙ ዘመን የቆየ ሰው የተማሪዎችን ቤተ ሙከራ ሊያሰናዳ ወደ ኮሌጅ ሲሄድ፥ ዘመድ ወዳጁ የተሻረ ይመስለዋል። ደመወዙ ብዙ ጊዜ ማነሱ እውነት ነውና አስቀድሞ ከቤተ ሰቡ ጋራ ይምከርበት። ሥራው አንሷል ማለትን ግን አንቀበልም።

ስለ ምሳሌ 24 ተማሪዎች የአሲድን ኃይል በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃ ይለካሉ እንበል። እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ሲሠራ፥ ለየጊዜው 50 ሚሊ ሊትር ቢታሰብ 3.6 ሊትር ይሆናል፤ የሚፈስም አለና ባለሙያው 5 ሊትር ያበጃል። ለ0.1 ሞላር ኃይል 20 ግራም መመዘን ቀላል ነው። ነገር ግን ይህ ቅመም የአየሩን እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ ሚዛን ብቻውን አይታመንም፤ ስለዚህ መጠኑ በተረጋገጠ አሲድ መርምሮ እውነተኛ ኃይሉን በዕቃው ላይ ይጽፋል። መስተዋትንም ቀስ በቀስ ስለሚበላ በፕላስቲክ ዕቃ ያኖረዋል።

በፋብሪካ ሳለ ያልታወቀውን መልስ ይፈልግ ነበር። አሁን መልሱ የታወቀ ነው፤ ያልታወቀው የ24ቱ ተማሪ እጅ ነው። መነጽሩን ወደ ግንባሩ የሰቀለ ተማሪ (እንዲህ ያለው ከየክፍሉ አይጠፋም) ቢገኝ፥ ቅመሙ ዓይን የሚጐዳ ነውና፥ መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሲጽፍ አይቶ የሚያስጠነቅቀው ይኸው ሰው ነው።