«የሕፃናት ካንሰር መምህሩን ምን አገባው?» ለሚሉን

እኛ ሠልጣኞች ነገ ከነገ ወዲያ በዘጌ፣ በጎርጎራ፣ በደቅ ደሴትና በሌሎችም የጣና ዳር ት/ቤቶች ጠመኔ የምንጨብጥ ነን። ስለ ወባና ስለ ብልሃርዚያ በሚገባ ተምረናል። ስለ ሕፃናት ካንሰርም አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጠን ስንል ግን፣ «በስንት ዘመን አንዴ ለሚገኝ በሽታ!» የሚሉን አልጠፉም። እስቲ ነገሩን በቁጥር እንየው።

በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ከሆነ 1 ሚሊዮን ልጆች መካከል በያመቱ 140 ያህሉ በካንሰር ይያዛሉ። ከ7000 አንድ መሆኑ ነው። በዚህ ሂሳብ 700 ልጆች ያሉት ት/ቤት በግምት በ10 ዓመት አንድ ይደርሰዋል። ጥቂት ነው፣ አንክድም። ሠላሳ ዓመት በሚያስተምር መምህር ፊት ግን ሦስት ልጆች ያልፋሉ ማለት ነው።

በበለጸጉት አገሮች ከ100 ሕፃናት ከ80 በላይ ይድናሉ። በብዙዎቹ ድሃ አገሮች 30 እንኳ አይሞሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 የያዘው ዕቅድ በ2030 ቢያንስ 60 ማድረስ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የመድኃኒትና የሐኪም እጥረት ብቻ አይደለም፤ ዘግይቶ መድረስና ሕክምናን ማቋረጥም ነው። መምህሩን የሚያገባው እዚህ ላይ ነው።

የመንጋጋ እብጠትን እንውሰድ። ዴኒስ በርኪት የተባለው ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1958 ከኡጋንዳ የገለጸው ካንሰር ወባ በሚበዛበት አገር ልጆችን ያጠቃል። ጣና ዳርም ወባ አለ። እብጠቱ በጥቂት ቀናት እጥፍ ይሆናል። ቤተሰብ ጥርሱን ነው ብሎ ያስነቅላል፣ አለዚያም ቡዳ ነው ይላል፤ በዚህ መሐል ሳምንት ያልፋል። ቶሎ ከደረሰ ግን መድኃኒት በፍጥነት የሚያጎድለው በሽታ ነው። ከዚህ ሌላ ባንድ ወገን ያበጠ ሆድ፣ ከመንጣትና ከአጥንት ሕመም ጋር የማይለቅ ትኩሳት፣ በዓይን ብሌን ውስጥ እንደ ድመት ዓይን የሚያበራ ነጭ ነገር አለ። የዓይኑ በብዛት የሚታየው ከ5 ዓመት በታች ስለሆነ፣ በእህቱ ጀርባ ታዝሎ የሚመጣውንም ሕፃን ማየት ነው። አብዛኛው ሌላ በሽታ ሆኖ ይገኛል፤ ይሁን፣ ሐኪም ይየው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና ጥቁር አንበሳ የሕፃናት ካንሰር ክፍል አላቸው። ጎንደር ከባሕር ዳር 180 ኪ.ሜ. ያህል ነው፤ ከደቅ ለሚነሳ ጀልባውም አለ። ሕክምናው ወራት፣ የደም ካንሰር ሲሆን ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። ልጁ መሯሯጥ ሲጀምር አባት «ዳነልኝ» ብሎ ይዞት ይመለሳል። እርሻው ጦም አድሯል፣ ገንዘቡም አልቋል፤ አይፈረድበትም። ያላለቀ ሕክምና ግን በሽታውን መልሶ ይጠራዋል። ይህን በሚገባው ቋንቋ የሚነግረው ከቄሱና ከመምህሩ ሌላ በመንደሩ ማን አለ?

ስለዚህ የጤና ትምህርት መምህሮቻችን አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲሰጡን፣ ከጎንደርም አንድ ሐኪም እንዲጋብዙልን እንጠይቃለን። ፀጉሩ ረግፎ ለሚመለሰው ልጅ በሽታው እንደማይተላለፍ ለክፍሉ እንዴት እንደሚነገር፣ በቀረባቸውም ወራት ስሙ ከመዝገብ እንዳይሰረዝ ምን ማድረግ እንዳለብን በዚያው ይነገረን።