የላክሁት ሮቶ የማንን ውኃ ይጠጣል?

(ከዊልስደን፣ ለንደን)

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዊልስደን እኔ በምኖርበት መንገድ ላይ የውኃ መስመር ፈነዳ። ቧንቧዬ ትንሽ ተንተፋተፈና ጭጭ አለ። የሰፈራችን የዋትሳፕ ቡድን ወዲያው ታመሰ፤ አንዱ ልጆቼን በምን ላጥባቸው ይላል፣ ሌላዋ ካሳ እንጠይቅ ትላለች። ብዙም ሳይቆይ ስልካችን ላይ መልእክት ገባ፤ ከሰዓት በኋላ የታሸገ ውኃ በመኪና መጥቶ ታደለ። በሰባት ሰዓት ውስጥ ውኃው ተመለሰ። ማታ ይህንኑ ላጫውታት ብዬ ጎንደር ለእናቴ ደወልኩላት። ሳቀችብኝ። «ሰባት ሰዓት? እኛ እኮ ዛሬ ሃያ አንደኛ ቀናችን ነው» አለችኝ።

እኔም ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ «ሮቶው አለልሽ አይደል?» አልኳት። ከሁለት ዓመት በፊት ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶና የውኃ መሳቢያ ፓምፕ የሚገዛበት ገንዘብ ልኬላት ነበር። ትንሽ ዝም አለችና «አለ፤ እግዜር ይስጥህ ልጄ። ግን ውኃ የመጣ ቀን ፓምፑ ሲነሳ የታች ቤቶቹ ቧንቧ ቀጥ ይላል። ጎረቤቶቼን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ» አለችኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ ንግግሯ ነው። በውጭ አገር የምንኖር ብዙዎቻችን የቤተሰባችንን የውኃ ችግር የምንፈታው እንዲህ ነውና።

ነገሩ በቴክኒክ ቀላል ነው። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ደካማ ነው። አንድ ቤት ፓምፑን በቀጥታ ከመስመሩ ጋር አገናኝቶ ሲስብ ለጎረቤት የሚደርሰውን ግፊት ይነጥቃል። ያ ጎረቤት በተራው አቅም ካገኘ ፓምፕ ይገዛል፤ አቅም የሌለው ጀሪካኑን ይዞ ይወጣል። ከዚህ የከፋም አለ። በመስመሩ ውስጥ ግፊት ሲጠፋ፣ ፓምፕም ሲጨመርበት፣ ቧንቧው በተሰነጠቀበት ቦታ ሁሉ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ታይፎይዱም ተቅማጡም የሚገባው በዚያ ነው። እኔ ፓውንድ ልኬ የገዛሁት መፍትሔ ለእናቴ ውኃ፣ ለሰፈሯ ደግሞ ጥምና በሽታ ሆኗል ማለት ነው።

«ምን ይደረግ፣ አገሩ ውኃ የለውም» የሚለኝ አይጠፋም። እስቲ ቁጥሩን እንየው። ለንደን በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጎንደር ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ከተማዋ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ያለች ናት፤ ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ የሚሞላው በቀሃ ውኃ ነው። ጣናም ሩቅ አይደለም። የጎደለው ዝናቡ ሳይሆን የዘነበውን ይዞ ማቆየቱና ማድረሱ ነው። ከተማዋን ሲያጠጣ የኖረው የአንገረብ ግድብ ከላይ ከተራቆተው መሬት በሚወርድ ደለል አቅሙን እያጣ መጥቷል። ሕዝቡ ደግሞ በብዙ እጥፍ ጨምሯል። ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ልብ ካላልን ምን እንደሚከተል ለማወቅ ደግሞ ምሥራቁን ማየት ይበቃል፤ ሐረርን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ዓይናችን እያየ ደርቆ ነበር።

የዚህን ሁሉ ዋጋ የሚከፍለው ማነው? አንድ ሙሉ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ያንን ተሸክመው ዳገት የሚወጡት በአብዛኛው እናቶችና ሴት ልጆች ናቸው። ውኃው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣ እንደሆነ ብላ የምታድር ተማሪ ጠዋት ክፍል ውስጥ ብታንቀላፋ ማን ይፈርድባታል? ገንዘቡንም አስሉት። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 50 ጀሪካን ነው። በሰፈራችሁ በጋሪ ወይም በባጃጅ የሚሸጠውን የአንድ ጀሪካን ዋጋ በ50 አባዙና ከቆጣሪው ሒሳብ ጋር አስተያዩት። ውኃን በውድ የሚገዛው ድኻው ነው።

እኛ ደግሞ ስለ ውኃ ደንታ የሌለን ሰዎች አይደለንም። ለሕዳሴ ግድብ ቦንድ ገዝተናል፣ ሰልፍ ወጥተናል፣ በየመሥሪያ ቤታችን ከግብፃውያን ባልደረቦቻችን ጋር ተከራክረናል። ግድቡ እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 ሲመረቅ እኔም ከደስተኞቹ አንዱ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ግን ለ5,150 ሜጋ ዋት ያን ያህል የተሟገትን ሰዎች፣ የዓባይ መነሻ ከሆነው ጣና ብዙም ሳይርቅ ሃያ አንድ ቀን ቧንቧው ለደረቀ ሰፈር የምናሳየው ጉጉት የት ሄደ? «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረት ለሌላ ሰው የተነገረ አስመስለነዋል።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ልክ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ሁሉም ኢትዮጵያዊ ንጹሕ ውኃ እንዲያገኝ የሚያደርግ ፖሊሲ እንዲኖር ያዛል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ ያለበት ጦርነት ሥራውን ሁሉ እንዳከበደውም አውቃለሁ። እንግሊዝንም ገነት ላስመስላት አልፈልግም፤ በእንግሊዝና በዌልስ በየቀኑ ወደ ሦስት ቢሊዮን ሊትር የሚጠጋ ውኃ በብልሽት መሬት ውስጥ ይፈሳል። ልዩነቱ እዚህ የፈሰሰው ይለካል፣ ቁጥሩም ይፋ ይወጣል፣ ሰውም ይቆጣበታል። ከአራት ሰዓት በላይ የሚቆይ የታቀደ መቋረጥ ካለ ደንበኛው ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ሊነገረው ግድ ነው።

ሙያዬ ሶፍትዌር ነውና መጀመሪያ ያሰብኩት የፈረቃ ፕሮግራም የሚያሳውቅ መተግበሪያ መሥራት ነበር። ለእህቴ ስነግራት «ውኃው ይምጣ እንጂ መምጣቱንስ ቧንቧው ራሱ ይነግረናል» አለችኝ። ዝም አሰኘችኝ። ኋላ ላይ ግን ሁለታችንም ትንሽ ትንሽ ልክ እንደነበርን ገባኝ። የታወቀና የተከበረ ፈረቃ ውኃ አይጨምርም፤ የሌሊት እንቅልፍን ግን ይመልሳል። ያንን ለመጠየቅ መተግበሪያ አያስፈልግም፤ መቁጠርና አጥብቆ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። አንደኛ፣ ለቤተሰብ ሮቶ የምንልክ ከሆነ ፓምፑ ከመስመሩ በቀጥታ እንዳይስብ እናድርግ። ውኃው በራሱ ግፊት መሬት ላይ ወዳለ ታንከር ይግባ፤ ፓምፑ ከዚያ ወደ ላይ ይግፋው። ይዘገያል፣ ግን የሰው ድርሻ አይነጥቅም። ሁለተኛ፣ ጣሪያውን እንጠቀምበት። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት 100,000 ሊትር፣ ማለትም 5,000 ጀሪካን ነው። ግማሹ እንኳ ቢያዝ ለልብስና ለመጸዳጃ ስንት ቀን ይሆናል? አንድ ትምህርት ቤት ደግሞ ስንት ጣሪያ አለው? ሦስተኛ፣ በየከተማው ባሉን ማኅበሮች ለየቤታችን የምንልከውን ከፊሉን አዋጥተን ለጋራ ነገር እናውለው፤ ለትምህርት ቤት ታንከር፣ ደለል ለሚያስቀር እርከንና ችግኝ፣ የሚያፈስ መስመር ለመፈለጊያ መሣሪያ። ከመካከላችን ሃይድሮሎጂ የተማረ፣ የካርታ መረጃ የሚሠራ፣ ስለ ቧንቧ ግፊት ማስተርሱን የጻፈ ሞልቷል። እነሱን ስለ ቤታችን ሮቶ ሳይሆን ስለ ሰፈሩ መስመር እንጠይቃቸው።

የእናቴን ፓምፕ ባለፈው ወር ከመስመሩ አስነቀልነው። ሮቶው አሁን የሚሞላው ቀስ ብሎ ነው፤ አንዳንዴም ግማሽ ላይ ይቀራል። በአጥሩ በኩል አንድ ጎማ ለታች ቤቶቹ ተዘርግቷል። ስደውል «ውኃ አለ?» ብዬ እጠይቃታለሁ። «ለሁላችንም ትንሽ ትንሽ አለ» ትለኛለች።