«አብሮ ታየ» እና «አስከተለ»፦ የጤና ጥናት ዘገባዎችን በማስተዋል መረዳት

ስለ ምግብ፣ ስለ መጠጥና ስለ መድኃኒት የተካሄዱ ጥናቶች በመገናኛ ብዙኃንና በማኅበራዊ ትስስር ገጾች በየጊዜው ይዘገባሉ። አንዱ ዘገባ ቡና ዕድሜን ያረዝማል ሲል፣ ሌላው በሽታ ያመጣል ይላል። ዜጎች በእነዚህ ዘገባዎች ላይ ብቻ ተመሥርተው የታዘዘላቸውን መድኃኒት እስከ ማቋረጥ ወይም ያልታዘዘላቸውን ክኒን እስከ መግዛት ሊደርሱ ስለሚችሉ፣ ጥናቱ በትክክል ያረጋገጠው ምን እንደሆነ መለየት ተገቢ ነው።

የቡና ጉዳይ ለዚህ ጥሩ አስረጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1991 ቡናን የሽንት ፊኛ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ከሚባሉት ነገሮች መድቦት ነበር። መነሻው በሽታው ቡና በሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ በዛ ብሎ መታየቱ ነው። ይሁን እንጂ ቡና ከሚያዘወትሩት መካከል ብዙዎቹ ሲጋራም ያጨሱ ነበር፤ ሲጋራ ደግሞ የዚህ ካንሰር የታወቀ መንስኤ ነው። በመሆኑም የሲጋራው ጉዳት በቡናው ላይ ሊቆጠር ይችላል። ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2016 ከ1,000 በላይ ጥናቶችን ከመረመረ በኋላ ቡናን ከዚያ ምድብ አውጥቶታል። በአንጻሩ ሙቀቱ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ማንኛውም መጠጥ ለምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር የማጋለጥ ዕድል እንዳለው አስታውቋል።

ሁለተኛው አስረጅ ቤታ ካሮቲን ነው። በካሮትና በመሳሰሉት አትክልቶች የሚገኘውን ይህን ንጥረ ነገር በብዛት የሚመገቡ ሰዎች በሳንባ ካንሰር የሚያዙት አነስ ባለ ቁጥር እንደሆነ ቀደምት ጥናቶች አመልክተው ነበር። ክኒኑ ይከላከል እንደሆነ ለማረጋገጥ በፊንላንድ ከ29,000 በላይ አጫሽ ወንዶች በዕጣ ተከፋፍለው ከፊሎቹ ክኒኑን እንዲወስዱ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ የሆነው ውጤት ከተጠበቀው ተቃራኒ ነበር፤ ክኒኑን በወሰዱት ዘንድ የሳንባ ካንሰር 18 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል።

ይህ ማለት በምልከታ የተገኘ ዝምድና ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሲጋራ የሳንባ ካንሰር መንስኤ መሆኑ የታወቀው ሰዎችን በዕጣ ከፋፍሎ በማስጨስ አይደለም። ማጨሱ ከበሽታው መቅደሙ፣ ብዙ በሚያጨሱት ላይ አደጋው መጨመሩ፣ በሚያቆሙት ላይ መቀነሱ እና በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አንድ ዓይነት ውጤት መስጠታቸው በአንድነት ታይቶ ነው።

ስለሆነም አንድ ዘገባ ሲቀርብ ሦስት ጥያቄዎችን ማንሳት ይጠቅማል። አንደኛ፣ ጥናቱ የሰዎችን ልማድ በመከታተል ብቻ የተሠራ ነው ወይስ በዕጣ በተከፋፈሉ ሰዎች ላይ የተሞከረ? ሁለተኛ፣ እንደ ዕድሜ፣ ገቢና ሲጋራ ማጨስ ያለ ሌላ ምክንያት ለውጤቱ መነሻ ሊሆን አይችልምን? ሦስተኛ፣ ሌሎች ጥናቶችስ ተመሳሳይ ውጤት አግኝተዋልን?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የማይሰጥ ዘገባ ለውሳኔ በቂ መሠረት ሊሆን አይችልም። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም ሌላ የረጅም ጊዜ ሕክምና የሚከታተል ማንኛውም ሰው፣ በዘገባ ምክንያት መድኃኒቱን ከማቋረጡ ወይም ከመቀየሩ አስቀድሞ የሚከታተለውን የጤና ባለሙያ ሊያማክር ይገባል።