ጅብ ቀን የት ይውላል?

በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ዳርቻ ሌሊት የጅብ ጩኸት መስማት ብርቅ አይደለም፤ ቀን የት እንደሚውል ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዋሻ፣ በጉድጓድና በቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ይውላል። ከተማችን ወደ ምዕራብ በሰፋች ቁጥር ይህ መዋያው ይጠባል፤ የእንስሳትን እንቅልፍ የዚህ እትም ርዕስ ያደረግነውም ለዚሁ ነው።

የሰሜን ተራሮች ጭላዳ ነብርንና ጅብን ሸሽቶ ገደል ላይ ያድራል። የባሌው ቀይ ቀበሮ ግን በዚያ ሁሉ ቁር ሜዳ ላይ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫውን ጅራቱ ሥር ሸጉጦ ይተኛል፤ ጋቢ ደርበን ብርዱን ለምናማርር ትዝብት ነው። ማን፣ የት፣ ለምን እንደሚያርፍ በውስጥ ገጾች ታገኛላችሁ። በሰፈራችሁ ያለውን ገደል ቆሻሻ መጣያ ያደረጋችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እናንተ አስቀድማችሁ አንብቡት።