እንሶስላን ከነሥሯ አንንቀላት

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንዲት የዱር አበባ ነው። ስሟ እንሶስላ ይባላል። ስሟን ያልሰማ ከእናንተ መካከል ያለ አይመስለኝም፤ ሠርግ ሲደርስ፣ በዓል ሲመጣ እናቶቻችሁና እኅቶቻችሁ እጅና እግራቸውን እንሶስላ ሲሞቁ አይታችኋል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን የምናውቀው ቀይ ቀለሟን ብቻ ነው። አበባዋ ምን እንደሚመስል፣ የት እንደምትኖር፣ ከተቆፈረች በኋላስ ምን እንደምትሆን አንጠይቅም።

እኔ ስለ እርሷ አንድ አሳብ አለኝ። አሳቤን አስቀድሜ ልንገራችሁና ምክንያቱን ቀጥዬ አስረዳችኋለሁ። ከደን ዘሯን እንጂ ሥሯን አናምጣ፤ በጓሯችን ተክለን ስናሳድጋትም ከሥሯ የሚያስፈልገንን ወስደን ዐይኗን እንተውላት። አሳቤ ይህ ነው።

በመጀመሪያ ከእንሶስላ ጋር እንተዋወቅ። እንሶስላ እርጥበትና ጥላ የምትወድ ተክል ናት። በወንዝ ዳር፣ በምንጭ አጠገብ፣ በደን ጠርዝ ትበቅላለች። ግንዷ ለስላሳና ውኃ የሞላበት ነው። በተመቻት ቦታ ከሰው ቁመት ልትስተካከል ትችላለች፤ ከላይዋ ከቆሙት ከቀረሮና ከዝግባ ጋር ስትተያይ ግን ከእግራቸው ሥር የተቀመጠች ሕፃን ትመስላለች። አበባዋ ነጭ ሲሆን ጉሮሮዋ አካባቢ ወይን ጠጅ ምልክት አለው፤ ከኋላዋም ረጅምና ቀጭን ጭራ ይወርዳል። ሽታዋ የሚጎላው ሲመሽ ነው። በዚያ ጊዜ ረጅም ምላስ ያላቸው የእሳት እራቶች እየመጡ ከጭራዋ ውስጥ ያለውን ጣፋጭ ፈሳሽ ይቀስማሉ፤ ዱቄቷንም ከአበባ ወደ አበባ ያደርሱላታል።

አሁን ደግሞ ከምታውቋት ከዐደይ አበባ ጋር እናስተያያት። ዐደይ በክረምት በቅላ በመስከረም ታብባለች፤ ዘሯን አፍስሳ ከነሥሯ ትደርቃለች። በሚቀጥለው ዓመት የምታዩት ዐደይ ከዘር የበቀለ ሌላ ተክል ነው። እንሶስላ ግን እንዲህ አይደለችም። በበጋ ግንዷና ቅጠሏ ቢደርቅም፣ ከመሬት በታች እንደ ድንች ያበጠ ሥሯ በሕይወት ይቆያል። ዝናብ ሲመለስ ከዚያው ሥር ዐይን ላይ አዲስ ቡቃያ ይወጣል። ስለዚህ እንሶስላ ብዙ ዓመት የምትኖር አበባ ናት። የዘንድሮው ምግቧም፣ የከርሞ ሕይወቷም በዚያ ሥር ውስጥ ተቀምጧል።

ልጆች፣ ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰው ከእንሶስላ የሚፈልገው ያንኑ ሥር ነውና። ሥሩ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ታጥቦና ተልጦ ይወቀጣል፤ በእጅና በእግር ላይ ተለጥፎ በቅጠል ወይም በጨርቅ ይታሠራል፤ ሲፈታ ቆዳው ቀልቶ ይገኛል። በሱዳን፣ በየመንና በህንድ ሰዎች ለዚሁ ጉዳይ ሂና የተባለውን ቀለም ይጠቀማሉ። ሂና የሚገኘው ግን ከቁጥቋጦ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ቢለቀም ቁጥቋጦው ቆሞ ይቀራል፤ ሌላ ቅጠልም ያወጣል። እንሶስላ ከነሥሯ ከተነቀለች ግን ሌላ የምታወጣበት ነገር የላትም።

ሌላም ነገር አስተውሉ። ሠርግ የሚበዛው በጥር ነው። በጥር ደግሞ የእንሶስላ ግንድ ደርቆ፣ ሕይወቷ ሁሉ ወደ ሥሯ ተሰብስቦ የምታርፍበት ወቅት ነው። በዚያን ጊዜ ሥሯን አንድም ሳያስቀር የቆፈረ ሰው፣ የአንድ ቀን ጌጥ አግኝቶ የብዙ ዓመት አበባ አጠፋ ማለት ነው።

ከእናንተ አንዱ «መምህር፣ የእኛ ደን ሰፊ ነው፤ እንሶስላ አታልቅም» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ደናችን ሰፊ ነው። ጌጫ የአንድራቻ ወረዳ ከተማ ናት፤ አንድራቻም ከማሻና ከየኪ ጋር በሸካ ዞን ውስጥ ትገኛለች። የሸካ ደን በሐምሌ 2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል፤ ስፋቱም ከ238 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ነገር ግን እንሶስላ የምትኖረው በዚህ ሁሉ ሄክታር ላይ አይደለም። ኑሮዋ እርጥበት ባለበት፣ ጥላ ባልራቀው ቦታ ነው። ጥላው ለእርሻ ወይም ለሻይ ተክል ሲቆረጥ ፀሐይ ወደ ምንጩ ዳር ይደርሳል፤ አፈሩም ይደርቃል። የቡና ጫካ ሲጸዳም ከቡናው ሥር ያለው ቅጠላ ቅጠል አብሮ ይታጨዳል። ቡናም ሻይም የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነውና እንዲህ የምላችሁ ልማቱን ለመንቀፍ አይደለም። ሆኖም የቀሯትን ጥቂት ቦታዎች እኛ በዶማ ከጨረስናቸው እንሶስላ መጠጊያ የላትም። የሸካ አባቶች መጥረቢያ የማያርፍበትን ደን ለይተው በማቆየታቸው ነው ዛሬ ስለ ሰፊ ደን ለመናገር የበቃነው። ደን የሰፋው ሰው ስለተወው ብቻ ሳይሆን ስለጠበቀውም ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እንትከላት! እንሶስላ ከሰው ጋር መኖር የምትችል አበባ ናት። አተካከሏን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፣ ዘሩን ከደን፣ ሥሩን ከጎረቤት አግኙ። አያቶቻችሁን ወይም ጎረቤቶቻችሁን በትሕትና ብትጠይቋቸው በጓሯቸው ያላቸው አንድ ቁራጭ ሥር አይነፍጓችሁም። ከደን ግን ዘር ብቻ አምጡ። የእንሶስላ ፍሬ ሲበስል በጣት ገና ሲነካ ይፈነዳና ዘሩን ይበትናል። ስለዚህ ፍሬውን በመዳፋችሁ ከብባችሁ ያዙና ንኩት፤ ዘሩ በእጃችሁ ይቀራል። ግማሹን እዚያው በትናችሁ ግማሹን ይዛችሁ ኑ፤ ሳትዘገዩም ዝሩት።

ሁለተኛ፣ ቦታ ምረጡ። ከእንሰት ሥር ያለ ጥላ በጣም ይስማማታል። አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ፣ ብስባሽ ቅጠልና የበሰለ ፍግ ያለበት ይሁን። እርጥበት ትወዳለች ስንል ግን ውኃ በሚያቁር ቦታ ትተከል ማለት አይደለም፤ ውኃ ከተኛበት ሥሯ ይበሰብሳል።

ሦስተኛ፣ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ዝናቡ ሲጀምር ትከሉ። ቁራጩ ሥር ቢያንስ አንድ ዐይን ይኑረው፤ ዐይኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ አራት ጣት በሚያህል ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት።

አራተኛ፣ ጠብቋት። ዶሮ እንዳይጭራት፣ ፍየል እንዳይበላት በእሾህ ወይም በቀርከሃ እጠሩላት። ቀንድ አውጣ ለጋ ቅጠሏን ስለሚበላ ማለዳ እየዞራችሁ ልቀሙላት። በበጋ ግንዷ ሲደርቅ «ሞተች» ብላችሁ አትጣሏት። በደረቅ ቅጠል ጎዝጉዙላት፤ ቦታዋም እንዳይጠፋባችሁ እንጨት ትከሉበት።

አምስተኛ፣ ለመቆፈር አትቸኩሉ። እስከ ሦስተኛው ዓመት ባትነኳት መልካም ነው። ከዚያ በኋላም ከጎን ማሱ፤ ከጎን ያሉትን ሥሮች ወስዳችሁ ዐይን ያለበትን መካከለኛውን ክፍል በአፈር መልሱት። እንዲህ ካደረጋችሁ እኅታችሁ እንሶስላ ትሞቃለች፤ አበባዋም ለከርሞ ትመለሳለች።

ወንዶች ልጆች «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። አዳም በገነት ሲቀመጥ የተሰጠው ሥራ ማልማትና መጠበቅ እንደ ነበር በኦሪት ዘፍጥረት ተምራችኋል። ቀለሙን የሚሞቁት እኅቶቻችሁ ቢሆኑም ጉድጓድ መቆፈርና አጥር ማጠር የእናንተም ሥራ ነው። ደግሞስ በብዙ ቤት ወደ ደን ሄዶ ሥሯን ቆፍሮ እንዲያመጣ የሚላከው ማን ነው? ዶማውን የያዘ ልጅ ዐይኗን መተው ካልተማረ፣ የእኅቱ ጥንቃቄ ብቻ አበባዋን አያድናትም።

«የደን አበባ በደን ይኑር እንጂ ወደ ቤት ለምን ይመጣል?» የሚሉ ሰዎችም አሉ። ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለብዙዎቹ የደን አበቦችም ትክክል ነው። በዛፍ ቅርፊት ላይ ተጣብቀው የሚኖሩትን አበቦች ነቅላችሁ ብታመጧቸው ይሞቱባችኋል፤ እነርሱን በዓይናችሁ ብቻ ውደዷቸው። እንሶስላን ግን እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ በጓሯቸው ሲያሳድጓት ኖረዋል። ከአገራችን ውጭም፣ ብርድ በሚጸናበት በእንግሊዝ አገር ሳይቀር፣ ለአበባዋ ውበት ብቻ የሚተክሏት አትክልተኞች አሉ። በጓሮ የበዛች እንሶስላ የደኗን እኅቷን ከዶማ ታድናታለች፤ በቤቱ ያለው ሰው ወደ ደን አይሄድምና።

በመጨረሻ ስለ ስሟ አንድ ነገር ልጨምር። የዕፀዋት ሊቃውንት ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ ይሏታል። ይህን ስም በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣላት አሺል ሪሻር የተባለ ፈረንሳዊ የዕፀዋት ሊቅ ነው። ሁለተኛው ቃል ለማቅለሚያ መዋሏን ያመለክታል። የመጀመሪያው «ትዕግሥት የሌላት» ማለት ነው፤ ፍሬዋ ሲነካ ቸኩሎ ስለሚፈነዳ ነው። ስሟ እንዲህ ቢሆንም እርሷን የሚያሳድግ ሰው ግን ሦስት ዓመት መታገሥ አለበት።

ስለዚህ ልጆች፣ በዚህ ዓመት ዝናቡ ሲጀምር እያንዳንዱ ክፍል አንድ መደብ እንሶስላ እንዲተክል አሳስባለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ጥላና ጥሩ አፈር አለው። አባቶችን አስፈቅደን እዚያ እንትከል፤ ስትበዛ ለየቤታችሁ ቁራጭ እንካፈላለን። ትልልቆቹ ተማሪዎች ትንንሾቹን አሳዩአቸው፤ እነርሱም በተራቸው ከኋላ ለሚመጡት ያሳያሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

1. ዐደይ አበባና እንሶስላ በምን ይለያያሉ?

2. የሂናን ቅጠል መልቀምና የእንሶስላን ሥር መቆፈር ለተክሉ ለምን አንድ አይደሉም?

3. በሰፈራችሁ እንሶስላ በጓሮው ያለው ማን ነው? ከእርሱ ምን ትማራላችሁ?