ካባው ይቆይ፣ ድርሰቱ ይቅደም

የድራማ ክበባችን ጓደኞች «ጀምበር» የተባለውን የኮሚክ መጽሐፍ በስልክ ካሜራ ቀርጸው አጭር ፊልም ሊያደርጉት ሽር ጉድ እያሉ ነው። ሐሳቡን በበኩሌ እደግፋለሁ (የባለቤቱን ፈቃድ መጠየቁ እንዳይረሳ እንጂ)። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ የተዋጣው ገንዘብ ለካባና ለቀለም ሲመደብ ድርሰቱ ገና ሁለት ገጽ አልሞላም!

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው። ዋናው ሰው አማኑኤል ጥላሁን ከኮሌጅ ተመርቆ ሥራ ሲፈላልግ ልዩ ኃይል ያገኛል። ያንን ኃይል በፊልም ለማሳየት አቅም የለንም፤ ብንሞክረውም ያስቅብናል። ሥራ ፍለጋውን ግን በየቤታችን እናውቀዋለን። እስቲ ታሪኩን ወደ ቡሌ ሆራ እናምጣው። ልጁ ማስረጃውን በፖስታ ይዞ በሞያሌው አስፋልት ዳር ሲመላለስ ይውላል። ማታ ሲገባ እናቱ ምንም ሳይጠይቁ ሻይ ያቀርቡለታል። ይሄ ምን ወጪ አለው?

የኮሚክ አንባቢ በአንዱ ሥዕልና በሌላው መካከል ያለውን ክፍተት በሐሳቡ ይሞላዋል። በፊልም ግን ሰውየው ምን ፈልጎ እንደተነሣ፣ ምን እንደፈራ ደራሲው ካላሰበበት ተዋናዩ ካባውን ለብሶ ይገተራል።

«ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን አስታውሱ። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመሩት በካልሲ በተሠሩ አሻንጉሊቶች ነው። ሕፃናቱ ግን ያዩት ካልሲውን ሳይሆን ጠያቂዋን ቀጭኔ ነው።

እንግዲህ ክበቡን አንድ ነገር ልለምን። ካባው ከመሰፋቱ በፊት ድርሰቱ አንድ ማታ ዶርም ውስጥ ጮክ ተብሎ ይነበብ። አድማጮች ወሬ የጀመሩበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግበትና ያ ገጽ እንደገና ይጻፍ።